ቡቺ ቋሚ ሠራተኛ ነው

ባለፈው ሳምንት ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኝ ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የጥበቃ ሠራተኛ የዘገየ ደመወዛቸውን ሲጠይቁ ሰማሁ። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም፤ ኤጀንሲዎን ይጠይቁ» አላቸው። እርሳቸውም እጅ ነሥተው በሩን ከፈቱለት። ኤጀንሲው ሲደወልለት ደግሞ «ፋብሪካው አልከፈለንም» ይላል። ይህን ቅብብሎሽ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ ስለማልገምት አላብራራውም።

እኔ ግን የመጣሁት ለወቀሳ ሳይሆን ለምስጋና ነው። ሰው ቀጥሮ ቀጣሪ አለመባል ቀላል ጥበብ አይደለም። አባቶቻችን ሰው ካሠሩ ሲታመም ሊጠይቁት፣ ሲሞት ሊቀብሩት ይገደዱ ነበር። የዘመኑ ሥራ አስኪያጅ «ዋናው ሥራችን ላይ እናተኩር» ብሎ ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ተላላኪውን ከሳሙናና ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ጋር በአንድ ሰነድ ለጨረታ ያወጣቸዋል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር ዋጋው ከማን ጉሮሮ ላይ እንደሚቀነስ መገመት አያቅትም።

ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ሙከራውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ አንድ አሠሪም ያንኑ ሠራተኛ ለዚያው ሥራ መልሶ ቢቀጥረው ዳግመኛ እንዳይሞክረው ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ አሠሪ እንደ ጃኬት ሊቀየር እንደሚችል አልታየውም። ጋሼ በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ኤጀንሲ ቀይረዋል። በሩ ያው ነው፣ ዱላውም ፊሽካውም ያው ነው፤ የተለወጠው በጃኬታቸው ጀርባ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ጃኬቱ በተለወጠ ቁጥር ጋሼ አዲስ ቅጥር ይሆኑና፣ ያንን በር መክፈት ይችሉ እንደሆነ ለ60 የሥራ ቀናት ይፈተናሉ። በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሊጨመርበት የሚገባው የዓመት ፈቃዳቸውም ከ16 ቀን ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቡቺን ሳላነሳ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ቡቺ የፋብሪካው ውሻ ሲሆን የሌሊቱን ፈረቃ ከጋሼ ጋር ይጋራል። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቡቺ ቋሚ መሆኑ ነው። በመካከል ኤጀንሲ ሳይገባ ፋብሪካው ራሱ ቀጥሮታል። ቀለቡ በየቀኑ ከሠራተኞች ክበብ ይመጣለታል፤ ክትባቱንም ፋብሪካው ይከፍልለታል። ጨረታ ሲወጣ ስሙ አይነሣም። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ስድስተኛ ዓመቱን ስለያዘና የጋሼ አገልግሎት በአራተኛው ኤጀንሲ ገና አሥራ አንደኛ ወሩ ስለሆነ፣ በሕግ ዓይን ቡቺ የጋሼ ቀዳሚ ነው። ባለፈው ክረምት የቡቺ ቤት ሲያፈስ በማግሥቱ አናጺ መጣ። የጋሼ የጥበቃ ቤት ሲያፈስ ግን ፋብሪካው «ሠራተኛው የኤጀንሲው ነው» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኤጀንሲው «ቤቱ የፋብሪካው ነው» ብሎ መለሰ፤ ጋሼም ደብዳቤዎቹን ከዝናብ የሚያስጠልሉበት ቦታ ስላጡ ቡቺ ቤት ውስጥ አስቀመጧቸው። ለፋሲካ በሬ ታርዶ ሥጋው በቋሚ ሠራተኞች ስም ዝርዝር ሲከፋፈል ጋሼ አልደረሳቸውም፤ ቡቺ ግን አጥንቱን ወሰደ። ጋሼ በዚህ አልተከፉም። «እሱ እኮ የቤት ልጅ ነው» አሉኝ።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁመው። ከጋሼ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት አለበት። ሦስተኛው ኤጀንሲ ቢሮውን ዘግቶ ሲጠፋ፣ ከእርሳቸው የቆረጠውን የ14 ወር ገንዘብ ገቢ እንዳላደረገ ታወቀ። ጋሼ 57 ዓመታቸው ነው። የጡረታ አበል ለማግኘት 60 ዓመት ሲሞላቸው ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል፤ ሰባትና ሦስት አሥር ነው ብለው በጣታቸው ሲቆጥሩ የኖሩት ይህንኑ ነበር። ይህንን «የአሠራር ክፍተት» የሚል ሰው አጠገቤ አይቁም። ስርቆት ነው! ሌሊቱን ሙሉ የሰው ንብረት ከሌባ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው በጠራራ ፀሐይ ተሰረቀ፤ ንብረቱን ሲጠብቁለት የኖሩት ፋብሪካም «እኛን አይመለከትም» አለ። አያፍሩም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ትናንት ማለዳ ታክሲ ልይዝ ስወጣ ጋሼ ሙጫ ይዘው በሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ደረስሁ። ሎት 1 የጽዳት ዕቃ፣ ሎት 2 የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሎት 3 የጥበቃ አገልግሎት ይላል፤ ተጫራቾችም የታደሰ ንግድ ፈቃድና የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ እንዲያቀርቡ ያዛል። ጋሼ የወረቀቱን ጠርዝ በመዳፋቸው ደልድለው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍገው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ተቃንቷል?» አሉኝ።