አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫ በማሽን ለክቶ ማስተካከል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው፣ መጨረሻ ላይ! ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ተባባልን፦

«መሪው ይስባል፣ ጉድጓድ ሲነካ ደግሞ ይርገፈገፋል» አልኩ።
«አላይመንት ነው» አለ መካኒኩ።
«መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ቴስቲኒ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ቀለበት፣ ቦኮላውን፣ አያችሁት?»
«ማሽኑ አረንጓዴ ብሏል። አንተ መሪውን ጠበቅ አድርገህ ያዝ።»

ጠበቅ አድርገህ ያዝ! ያውም ሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ። ደሜ ገና አልበረደም። ማሽኑ የሚለካው የቆመ መኪና ነው። ቴስቲኒው ከላላ ጎማው መንገድ ላይ እንደፈለገ ይዞራል፤ የተለካው ልክ ከጋራዡ በር አያልፍም።

ሥራው እኮ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ጎማውን እዩ። የሁለቱም የፊት ጎማዎች ውጪኛ ጠርዝ ከተበላ ቶ-ኢን በዝቷል (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ገብቷል)፣ ውስጠኛው ከሆነ ቶ-አውት (ፊታቸው ወደ ውጪ ተከፍቷል)። ቀጥሎ እጅ ፍሬኑን ይዛችሁ፣ የኋላውን በታኮ ደግፋችሁ፣ ሞተር አስነሱ። ጎማው መሬት እንደያዘ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፤ ሌላው ሥር ገብቶ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጣቱን ያሳርፍ። ቴስቲኒ፣ ከመሪ ሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ፒትማን አርም፣ የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲ የታሰረባቸው ቡሎኖች። ልል ካለ ጣት ሥር «ቀጭ» ይላል። አይደበቅም!

ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ከሆነ ደግሞ አክስሉን በጎን ከሻንሲው የሚያስረው ፓንሃርድ ሮድ ጫፍ ላይ ቆዩ። ቦኮላው ካለቀ ወይም ቡሎኑ ቀዳዳውን ካሰፋው አክስሉ በሙሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ያ መርገፍገፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጋራዦቹ ግን አዲስ የመሪ ደምፐር (ንዝረት ማፈኛ) ይገጥማሉ። ደምፐር ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ ስንት ሰው በዚህ ተሞኘ!

ከዚያ በክሪክ አንሱትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ ወይም ኪንግፒኑ። አንድ ደቂቃ! አንድ ደቂቃ ማንን ይገድላል?

ያቺ የመሪ ሳጥን አናት ላይ ያለችው ማስተካከያ ቪቴስ? መሪው ልል ሲሆን እሷን ማጥበቅ ልማድ ሆኗል። ስትጠብቅ መሪው መሐል ላይ ይጨናነቃል፣ ጥርሱ ይበላል፣ ከታጠፈም በኋላ በራሱ አይመለስም። የላላው ግን ቴስቲኒው ነበር።

መኪናውን ከፍ ያደረጋችሁም ስሙኝ። ከፍታው ሲጨምር ካስተሩ (ጎማው የሚታጠፍበት ምሶሶ ወደ ኋላ ያጋደለበት ልክ) ሊቀንስ ይችላል፤ ያኔ መሪው አይመለስም፣ መኪናው አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። በድፍን አክስል ላይ ይህ በቶ ማስተካከያ አይፈታም፤ ባሌስትራ (ንብርብር የብረት ስፕሪንግ) ከሆነ ባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ይገባል።

መሳቡንስ ቢሆን? ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራ ቀኝ አቀያይሩ። የሚስብበት አቅጣጫ ከተቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተቀየረ ትንሽ ነድታችሁ እጃችሁን ቸርኬው አጠገብ አድርጉ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞታል። እሱም ካልሆነ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በሁለቱም ጎን ለኩ፤ የባሌስትራው መሐል ቡሎን ተቆርጦ አክስሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይሆናል።

ይኼ ሁሉ ታይቶ፣ ያለቀው ተቀይሮ፣ የጎማው ነፋስ እኩል ተደርጎ፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ ይውጣ።