በመጀመሪያው ድል እንዳትታለሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የኤፍኤም ስፖርት ተንታኝ ስለ እንግሊዛዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ስለ ታይሰን ፊውሪ ወደ ሪንግ መመለስ ሲያወራ ሰማሁ። ያለው ባጭሩ ይህ ነው። ፊውሪ ከአንድ ዓመት በላይ ስላረፈ አካሉ ታድሷል፣ ወኔውም ተመልሷል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያሸነፈውን ዩክሬናዊ፣ ኦሌክሳንደር ኡሲክን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ይዘርረዋል። ማስረጃው ደግሞ ደራርቱ ቱሉ ናት! ደራርቱስ ወልዳ፣ አርፋ፣ ተመልሳ አሸንፋ የለም ወይ አለ። አዘጋጁም አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ ተስማማና ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ደሜ ፈላ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያንን ፕሮግራም የሚያዳምጡ፣ ማታ ማታ ጓንት የሚያጠልቁ ልጆች አሉ። በሬዲዮ የተነገራቸውን ያምናሉ።

ስለዚህ እኔም ግምቴን በግልጽ ላስቀምጥ። ፊውሪ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚያቀርቡለትን ሰውም ያሸንፋል ብዬ አስባለሁ። ያን ጊዜ «ንጉሡ ተመለሰ» የሚል ጩኸት ይበዛል። ኡሲክ ፊት ሲቆም ግን ይሸነፋል። ኡሲክ የተወውን ቀበቶ ማንም አንስቶ ሊታጠቀው ይችላል፤ ከኡሲክ ወገብ ላይ ፈትቶ መውሰድ ግን ለፊውሪ አልፎበታል።

መጀመሪያ ደራርቱን ከዚህ ክርክር እናውጣት። ከወሊድ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጥልቃለች። በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን በ37 ዓመቷ አሸንፋለች። ቀነኒሳም «አለቀለት» ሲባል በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቷል፤ ከዓለም ክብረ ወሰን የዘገየው በ2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ያኮራኛል። ግን ይሄ ሩጫ ነው። አስፋልት መልሶ አይመታም! ሯጭ ሲመለስ ሳንባውንና እግሩን ነው የሚያስተካክለው። ለዚያ እንጦጦ አለለት፣ ሱሉልታ አለለት። ወጥቶ፣ ላቡን አፍስሶ የጎደለውን ይሞላል። ምን ያህል እንደቀረው ሰዓቱ በየቀኑ ይነግረዋል። ቡጢኛ የሚጎድለው ነገር ሌላ ነው። በዳገት ሩጫ አይመለስም፣ ብረት በማንሳትም አይመለስም። መጉደሉን እንኳ የሚያውቀው ሲመታ ነው።

ይህን ለማየት ሪያድ ወይም ለንደን መሄድ አያስፈልግም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር፣ ለሱቅ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለች። ልጆቹ ቦክስ የሚሠሩባት እሷ ናት። ሪንግ የላትም፤ ሪንጉ ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረ አራት ማዕዘን ነው። ጥግ ላይ በመዶሻ የሚደበድቡት የሲኖትራክ ጎማ ተጋድሟል። መብራት ሲጠፋ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው መስኮቱ ላይ ያስደግፉና ይቀጥላሉ።

እዚያ ቤት አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ኑሮ ሲከብደው ልምምዱን ትቶ የቀን ሥራ ገባ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሚንቶና ብሎኬት ሲሸከም ቆየ። ሲመለስ ትከሻው ሰፍቷል፣ ክንዱ ደንድኗል። የተንጠለጠለውን ከረጢት ሲመታው ሰንሰለቱ ይንቀጫቀጫል። ሁሉም «ይሄ ልጅ ብሶበት ነው የመጣው» አለ። አሰልጣኙ ግን ምንም አልተናገረም። በሳምንቱ ከአንድ የ17 ዓመት ልጅ ጋር ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ግጥሚያ፣ አስገባው። ያ ልጅ ድሮ ጓንቱን ይሸከምለት የነበረ ነው። የመጀመሪያው ጃብ፣ ያ ፈጣኑ ቀጥተኛ ቡጢ፣ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም አረፈ። ሦስተኛውም። ከአጠገባቸው ስለቆምኩ ዓይኑ ቡጢውን ሲከተለው አያለሁ፤ ጭንቅላቱ የሚነቃነቀው ግን ቡጢው ካረፈ በኋላ ነው። ዙሩ ሲያልቅ የጥርስ መከላከያውን ከአፉ አውጥቶ፣ «አሰልጣኝ፣ አይቼዋለሁ እኮ!» አለ።

«አይተኸዋል። ግን ዘግይተህ ነው ያየኸው» አለው አሰልጣኙ።

ዕረፍት የሚወስደው ይህንን ነው። ጉልበት ከቡጢኛ ላይ መጨረሻ የሚወጣ ነገር ነው። ሽማግሌም ቢሆን ካገኘህ ይጥልሃል። ቀድሞ የሚሄደው ሳያስቡ ማጎንበስ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት፣ ተጋጣሚው ትከሻውን ገና ሲያንቀሳቅስ የሚመጣውን ማወቅ ነው። ይህን ከረጢት አያስተምርም፤ ከረጢት ተሰቅሎ ነው የሚጠብቅህ። ፓድ የሚይዝልህ አሰልጣኝም ቡጢህ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያሳይሃል። ሻዶ ስትሠራ፣ አየር ስትመታ ማለት ነው፣ ከፊትህ ማንም የለም። ስፓሪንግም ቢሆን በወፍራም ጓንትና በራስ መከላከያ ነው። ለዚያውም አንድ ትልቅ ሻምፒዮን ለስፓሪንግ ከፍሎ ያስመጣው ሰው ከፋዩን ሊያዋርድ አይመጣም። ዕውነተኛው ነገር የሚገኘው ዕውነተኛ ግጥሚያ ውስጥ ብቻ ነው። ፊውሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 የሪያድ ሽንፈት በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ይህንን አላገኘም።

የመመለሻ የመጀመሪያ ግጥሚያ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ተጋጣሚው ተመርጦ ነው የሚመጣው። ማይክ ታይሰን በ1995 ከእስር ወጥቶ ፒተር ማክኒሊን በ89 ሰከንድ ጨረሰው። በቀጣዩ ዓመት ፍራንክ ብሩኖን በ3ኛው ዙር አስቁሞ ቀበቶ ታጠቀ። ተመለሰ ተባለ! በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኢቫንደር ሆሊፊልድ መጣ። ሆሊፊልድ አልፈራውም፣ አልሸሸውም፤ በ11ኛው ዙር ጨዋታው በታይሰን ሽንፈት ቆመ።

መሐመድ ዓሊስ? ይሉኛል። ሁሌም ዓሊ ይነሳል። እሺ፣ ዓሊን በደንብ እናንሳው፤ ምክንያቱም ከዓሊ በላይ የእኔን ነገር የሚያስረዳ ሰው የለም። በ1967 ለቬትናም አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ተቀማ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ከሪንግ ራቀ። በጥቅምት 1970 አትላንታ ላይ ተመልሶ ጄሪ ኳሪን በ3 ዙር አስቆመው። አሁንም ተመለሰ ተባለ። አምስት ወር ሳይሞላ ጆ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር በግራ እጁ መሬት ላይ ዘረጋውና በነጥብ አሸነፈው። የሙያ ዘመኑ የመጀመሪያ ሽንፈት ነበር። ለዚያውም ዓሊ ገና 29 ዓመቱ ነው።

ከ1967 በፊት የነበረውን የዓሊ ፊልም አውጥታችሁ እዩ። እጁን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ በጭንቅላቱ ብቻ ያመልጣል። ቡጢው በጣት ርቀት ያልፈዋል። ከ1970 በኋላ ያለውን ደግሞ እዩ። ቡጢ ያርፍበታል። እግሩ አላዳነው ሲል መመታትን ተማረ። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ሲዘርረው ሁላችንም እናወራለን። ከዚያ በፊት ገመድ ተደግፎ የተቀበለውን ቡጢ ማን ያወራል? ማኒላ ላይ ከፍሬዘር ጋር ያሳለፈውን 14 ዙርስ? ከዚያ በ1980፣ ከሁለት ዓመት ዕረፍት በኋላ፣ በ38 ዓመቱ ላሪ ሆልምስን ሊገጥም መጣ። ክብደቱን ቀንሶ፣ ሽበቱን አጥቁሮ፣ ወጣት መስሎ ነበር። ያኔም ሰዎች «ታድሷል» አሉ። ቃል በቃል ተንታኙ አሁን ያለውን! 10 ዙር ሙሉ ተደብድቦ በራሱ ጥግ በቆሙ ሰዎች ውሳኔ ጨዋታው ቆመ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ታላቁ ዓሊ! ስለ እሱ መመለስ የምታወሩ ሰዎች የከፈለውን አብራችሁ አውሩ።

ፎርማንን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሚጠቅሱም አሉ። 10 ዓመት ጠፍቶ፣ በ45 ዓመቱ፣ በ1994 ማይክል ሙረርን ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። የሚዘሉት መካከሉን ነው። ፎርማን የተመለሰው በ1987 ነው። ለቀበቶ ከመጋጠሙ በፊት 24 ሰው በተከታታይ አሸንፏል። ከዚያ በ1991 በሆሊፊልድ ተሸነፈ፣ በ1993 በቶሚ ሞሪሰን ተሸነፈ። ሙረርንም ያገኘው በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ተበልጦ ሳለ በ10ኛው ዙር ነው። ፎርማን ያሸነፈው ሰባት ዓመት ሙሉ ሪንግ ውስጥ ስለኖረ ነው። ፊውሪ ሰባት ዓመት አለው? 24 ግጥሚያ ሊያደርግ ነው?

ተንታኙ ሊያነሳው ሲገባ ያላነሳው አንድ መከራከሪያ አለ፤ ፊውሪ ራሱ ከዚህ በፊት ተመልሷል። በ2015 ዱሰልዶርፍ ላይ ቭላድሚር ክሊችኮን ካሸነፈ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ጠፋ። ከድብርት ጋር ታግሎ፣ ያን ሁሉ ክብደት አራግፎ በ2018 መጣ። ሁለት ቀላል ግጥሚያዎች አድርጎ ከአሜሪካዊው ዲኦንቴ ዋይልደር ጋር አቻ ወጣ፤ በ2020 ደግሞ በ7ኛው ዙር አስቆመው። ትልቅ ነገር ነው። ግን ያኔ ሲመለስ 29 ዓመቱ ነበር። ተሸንፎም አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋይልደር በ2018 ሁለት ጊዜ፣ በ2021 ሁለት ጊዜ መሬት አስነክቶታል። በ2023 ፍራንሲስ ንጋኑ፣ በመጀመሪያ የሙያ ቦክስ ግጥሚያው፣ ጥሎታል። በግንቦት 2024 በ9ኛው ዙር ኡሲክ ከገመድ ገመድ ሲያንገላታው ዳኛው ቆጥሮለት፣ ደወል ደርሶለት ነው የተረፈው። ይህንን ሁሉ የዋጠ ሰውነት ነው አሁን የሚመለሰው። ጭንቅላት እንደ ጡንቻ አርፎ አያገግምም።

አንድ ሰው ብቻ እቀበላለሁ፤ የቭላድሚርን ወንድም ቪታሊ ክሊችኮን። ከሪንግ ከራቀ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ተመልሶ በ2008 በርሊን ላይ ሳሙኤል ፒተርን ከ8 ዙር በኋላ ወንበሩ ላይ አስቀረው። ግን ቪታሊ በሙያ ዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወድቆ የማያውቅ ሰው ነው። ፒተርም ኡሲክ አይደለም።

ደግሞ «ኡሲክ አርጅቷል» ይባላል። ኡሲክ የተወለደው በጥር 1987፣ ፊውሪ በነሐሴ 1988 ነው። በዕድሜ ከሄድን ኡሲክ ነው ታላቁ። ልዩነቱ ሌላ ነው። ፊውሪ ጓንት ሰቅሎ ሲቀመጥ ኡሲክ በሐምሌ 2025 ዌምብሌይ ላይ ዳንኤል ዱቧን በ5ኛው ዙር ዘርሯል። በሪያዱ ሁለተኛ ግጥሚያም ፊውሪ ከ20 ኪሎ በላይ ይከብደው ነበር። ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለኡሲክ ሰጡ። አንድ ዳኛ እንኳ አልተጠራጠረም። በሙሉ ልምምድ ላይ ሆኖ ያልቻለውን ሰው ተቀምጦ ከርሞ ይችለዋል የሚለውን ምን ዓይነት ሒሳብ ነው ያመጣው?

ለምን ይህን ያህል ተናደድክ የሚለኝ ካለ ምክንያቴን ልንገረው። ከፕሮግራሙ ማግስት ከዚያች የኮዬ ፈጬ ክፍል አንድ ልጅ አሰልጣኙን አንድ ዓመት ላርፍ ነው አለው። አልታመመም፣ ሥራም አላገኘም። ፊውሪም አርፏል፣ ታድሼ እመለሳለሁ ነው የሚለው። ይህ ልጅ ሲመለስ የሚጠብቀው በሚሊዮን ዶላር የተመረጠ ተጋጣሚ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ያላረፈ የሰፈሩ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቡጢ ሲያርፍበት ተንታኙ አጠገቡ አይኖርም።

ሦስተኛው ግጥሚያ ከተደረገ እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ፊውሪ ያምራል። ቁመት አለው፣ ጃብ አለው፣ ያሾፋል፣ ምላሱን ያወጣል። ሬዲዮኖቻችንም «አላልናችሁም?» ይላሉ። ከስድስተኛው ዙር በኋላ የኡሲክ ግራ እጅ ማረፍ ይጀምራል። ፊውሪ ያየዋል፣ ግን ይዘገያል። ብዙዎች በነጥብ ያልቃል ይላሉ፤ እኔ እስከ 12ኛው አይደርስም ባይ ነኝ። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ባለው ዙር የፊውሪ ጥግ ሽንፈቱን ተቀብሎ ፎጣ ይወረውራል።