የአራት ሳምንት ቡችላ አትሽጡ!

ዛሬም ካርቶን ውስጥ ታጭቀው፣ መንገድ ዳር፣ «የሁለት ወር ጀርመን ሼፐርድ ናቸው» እየተባለ ይሸጣሉ። የምን ሁለት ወር! ጥርሳቸው ገና ብቅ እያለ ነው። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት ያለበትን በ4 ሳምንቱ ከጡት መንጠቅ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ያ የተነፋ ሆድ ጥጋብ መሰላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ ትል ነው! መድኃኒቱ በ2 ሳምንቱ መጀመር ነበረበት። «ተከትቧል» ይላሉ። ደብተሩስ? የሐኪሙ ፊርማ፣ ቀኑስ የታለ? አንዴ መከተብ ደግሞ አይበቃም፤ ከ6ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ይዞት ከመጣ በሳምንት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ደም ያስቀምጠዋል። ያኔ ሻጩ ስልክ ያነሳል? «እናቱን አሳየኝ» ሲባልስ ለምን ይቆጣል?