የጠዋት ጥቅስ ላኪዎች ይመስገኑ

ሐዋሳ ውስጥ ዶሮ ከሥራው ከተሰናበተ ቆይቷል። አሁን የሚቀሰቅሰን ቴሌግራም ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ስልኩ ትራስ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳዋ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ በወርቅማ ፊደል የተጻፈ አንድ ጥቅስ፤ ከሥሩም ትእዛዝ፦ «አሜን ብለህ ለሰባት ሰው አስተላልፍ። ዛሬ የአንተ ቀን ነው!» ይህን ሳይታክቱ የሚልኩልን ወንድሞችና እኅቶች እስከ ዛሬ አንድም ሰው በአደባባይ አላመሰገናቸውም። ነውር ነው።

ውለታቸው ብዙ ነው። አባቶቻችን በመንፈስ ለማደግ ሲሉ ምን ያህል ይደክሙ እንደነበር አስቡት። የተጣሉትን ይታረቃሉ፣ የተበደሩትን ይመልሳሉ፣ ይባስ ብሎ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ምዕራፍ ማንበብ ደግሞ አደጋ አለው። ኤርምያስ 29፥11ን እንውሰድ። የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ፤ ብቻውን ሲመጣ ቪዛም ኮንዶሚኒየምም ይሸተዋል። አንድ መስመር ወደ ላይ ያንጋጠጠ ግን ቁጥር 10 ላይ «ሰባ ዓመት» ከሚል ነገር ጋር ይጋጫል። ለካ ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተጻፈ ነው! ትንሽ ከፍ ሲልም ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ የምትኖሩበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ይላል። በባዶ ሆድ አትክልት ትከል መባልን ማን ይወዳል? ላኪዎቻችን ለእኛ አዝነው ያን ሁሉ ቆርጠው ጥለውልናል።

«ሁሉን እችላለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ይህን ሲጽፍ እስር ላይ ነበር፤ ከዚያው በፊት ባለው ቁጥር መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ብሏል። ከተማችን የሥልጠና ከተማ ናት፤ ራስን ስለ ማሳደግ፣ ራእይ ስለ መጻፍ፣ በየሆቴሉ አዳራሽ ሳይሰለጠን የሚያልፍ ሳምንት የለም። መራብን ስለ መማር የተሰጠ ሥልጠና ግን ሰምቼ አላውቅም። ቢኖርም ሰዉ ለሻይ ዕረፍት እንደወጣ አይመለስም።

ከላኪዎቹ ሁሉ ለሽልማት የማጨው አንድ የማውቀው ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ እስኪከፈት ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ጥላው ደህና ከሆነ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ሱቁ የሚከፈተው ደግሞ እሱ ሲከፍተው ነው። በስተ አሞራ ገደል በኩል ሌሊቱን ውኃ ላይ ያደሩት ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን እያራገፉ፣ ቆሮሶውን ከአምባዛው እየለዩ ይጯጯሃሉ። ከእነርሱ አንድም ጥቅስ አይወጣም፤ እጃቸው ርጥብ ነው፣ ስልክ አይነካም። ሰፊያችን ግን እንደ ሐይቁ ዳር ትልቅ ወፍ እንደ አባ ኮዳ አንገቱን ቀብሮ፣ ሌላው የሚያወጣውን በረከት በትዕግሥት እየጠበቀ፣ «ዘመኑን ዋጁ» የሚለውን ቃል ለቡድኖቹ ሁሉ ያዳርሳል። ዘመኑን ሲዋጅ ረፋዱ ያልፋል። በመካከል የልጇን የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ከሰጠችው ወር ያለፋት እናት ትደውላለች። አያነሣም፤ ስልኩን ካነሣ የጀመረው መልእክት ይቋረጥበታል። ቸል ግን አላላትም። ከመክብብ ሦስት የተወሰደ፣ ነገርን ሁሉ በጊዜው ውብ አድርጎ ሠራው የሚል ቃል፣ ከርግብ ሥዕል ጋር ላከላት። ልጁ በአሮጌው ሱሪ ትምህርት ጀመረ። ቁርጭምጭሚቱ ይታያል፤ እናቱ ግን ተጽናንታለች።

ዓመቱን ስም በማውጣት በኩል ያለንን ብርታት በአጭሩ ላንሣ። ጳጉሜን ሲገባ እያንዳንዱ ላኪ ለመጪው ዓመት ስም ይዞ ብቅ ይላል፤ የመሻገር ዓመት፣ የእጥፍ ዓመት፣ የመስፋት ዓመት። መስከረም አንድ ቀን ስሙ በሰማያዊ ቀለም ይታወጃል፤ ጥቅምት ላይ ስሙም ዓመቱም ይረሳሉ። በመሻገሩ ዓመት ማን ከየት ወደ የት እንደተሻገረ የጠየቀ የለም፤ የጠየቀም «እምነት የጎደለው» ተብሎ ከቡድኑ ይወጣል። መዝሙረኛው ዘመናችንን መቁጠር አስተምረን ብሎ ለምኖ ነበር። እኛ መቁጠሩን ለእሱ ትተን ስም ማውጣቱን ይዘናል።

ሐዋርያው ያዕቆብ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ይከብዳል። የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ ጽፏል። አይፈረድበትም፤ በዘመኑ ኢንተርኔት አልነበረም። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ የአንዲት እኅት ቤት ጣራው በነፋስ ሲነሣ የሆነውን ቢያይ አሳቡን ይቀይር ነበር። የቡድናችን ምላሽ ፈጣን ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተጣመሩ እጆች፣ የነበልባል ምልክት፣ «እግዚአብሔር ጣራሽ ነው» የሚል ባለ ቀለም ጽሑፍ ስልኳን ሞላው። ዝናቡም ቤቷን ሞላው። አንድ ወንድም «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው» ብሎ ላከላት፤ መቼም የሁላችንም ቀን ስለሆነ ስሕተት አለበት አይባልም።

ሥርዓቱን ያፈረሱት አንዲት እናት ናቸው። እማማ የቴሌግራም ነገር አያውቁም። ወሬውን ከወፍጮ ቤት ሰምተው ላስቲክ በነጠላቸው ሸፍነው፣ ቡናና ቆሎ ይዘው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ሚስማርና መዶሻ አሸክመው በጭቃው መጡ። እስኪመሽ ቆዩ። ሲሄዱም አንዲት ጥቅስ እንኳ አልተናገሩም፤ «ነገ ደግሞ ልጆቹን እልካለሁ፣ ያኛው ጥግ አልተመታም» ብቻ ነው ያሉት።

እኛ ይህን ስንሰማ በእውነት አዘንን። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ የሚንገላቱት ስልክ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ የቡድኑ አባላት አዋጥተን ዘመናዊ ስልክ ልንገዛላቸው ወስነናል። ውሳኔው ሲለጠፍ ሁሉም አሜን ብሏል። መዋጮውን ግን እስካሁን ያስገባ የለም።