የፉጋዚ የመጨረሻ አልበም፦ የበሰሉበት ወይስ የበረዱበት?

ፉጋዚ እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መድረክ ላይ የወጣ፣ ከሃርድኮር ፓንክ (ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ስልት) ተነሥቶ ያልተሞከረ ሁሉ የሞከረ ባንድ ነው። ስድስተኛውና የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበሙ በጥቅምት 2001 ወጣ። ስሙ «ዘ አርጊውመንት» ነው፤ ክርክር ማለት ነው። እኛም ተከራከርንበት።

ደጋፊ፦ ከአልበሙ «ካሽአውት» የሚለውን ዘፈን ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ስማው። ጊታሩ ቀስ ብሎ ይገባል። ዘፋኙ ኢያን ማካይም እንደ ድሮው አይጮህም፤ ጠዋት ያየውን እንደሚነግርህ ጎረቤት በለሆሳስ ያወራል። አከራዩና ልጁ ያሉት ሆኗል፤ የቤቱ ዕቃ ከነቤተሰቡ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቷል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ዘፈን ለመረዳት ዲሲ የኖረ ሐበሻ ፓንክ መውደድ አያስፈልገውም። ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ኪራዩ ሲንር ደግሞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ስንት ምግብ ቤታችን ዕቃውን ጭኖ ሄደ? በቁጣ ብቻ የተዘፈነ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገባኝም ነበር።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ በግጥሙ አልከራከርሽም። ጠቤ ከሙዚቃው ጋር ነው። በ1988ቱ ዘፈናቸው «ዌይቲንግ ሩም» ባሱ ይጀምራል፣ ጊታርና ከበሮ ይከተላሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ቀጥ! ጥቂት ሰከንድ ዝምታ። ስንት ጊዜ ሰምቼው ዛሬም እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ። ለዚያ ከአራት ሰው በቀር ምንም አላስፈለጋቸውም። በመጨረሻው አልበም ግን ቼሎ አለ፣ የሴቶች ድምፅ ከኋላ ያጅባል፣ ጄሪ ቡሸር ሁለተኛ ከበሮ ይመታል። ሁሉም ያምራል። እኔን የከፋኝ ማማሩ ነው። ደግሞ የመጨረሻ ስለሆነ ብቻ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ክፉውን አናነሣም። እነሱ እንደሆኑ ስንብት ብለው አልቀረጹትም።

ደጋፊ፦ እኔስ ሌላ ምን አልኩ! ስንብት የለበትም። የሚሰናበት ሰው የለመደውን ይደግማል፤ እነዚህ ግን ከ14 ዓመት በኋላ ገና ይፈልጋሉ። ማማሩ ከገንዘብ የመጣ እንዳይመስልህ። አሳታሚው የራሳቸው ዲስኮርድ ነው። የቀረጻቸውም ያው የአርሊንግተኑ ስቱዲዮ የኢነር ኢር ባለቤት ዶን ዚየንታራ ነው፤ ማካይ በአሥራዎቹ ዕድሜው ከቀድሞ ባንዱ ከማይነር ትሬት ጋር የሠራውን የቀረጸው ሰው። ሰውየው አልተለወጠም፤ ጆሯቸው ነው የሰፋው።

ተቃዋሚ፦ ጆሯቸው ሰፋ፣ አዳራሹ ግን ጠበበ። ፉጋዚን ፉጋዚ ያደረገው የ5 ዶላር መግቢያ ነው፤ ልጅም አዋቂም ያለ ዕድሜ ገደብ ገብቶ አንድ ላይ የሚያልበው። አንቺ ራስሽ «ጸጥ ባለ ቤት ስማው» አልሽኝ። ጸጥ ያለ ቤት የሚፈልግ ፓንክ ለእኔ ግማሹን ጥሎ መጥቷል።

ደጋፊ፦ እንግዲያው ከቤት ውጣ። ዲስኮርድ የመድረክ ቅጂዎቻቸውን በመቶዎች አውጥቷቸዋል። በኅዳር 2002 ለንደን ላይ እስከቆሙበት ድረስ እነዚህን ዘፈኖች ሰው ፊት ተጫውተዋቸዋል። የዚያን ዓመት አንዱን ክፈትና «ካሽአውት» ጮክ እስኪል ጠብቅ። ከዚያ አዳራሹ ጠበበ በለኝ።

ተቃዋሚ፦ እሰማዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ቀድሜ ግን «ዌይቲንግ ሩም»ን እሰማለሁ።