ጠጥቶ ነበር ወይ?

ጅማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሽምግልና ተቀመጥኩ። ባጃጅ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ አጂፕ አካባቢ፣ አመሻሽ ላይ፣ አንዲት የቀን ሠራተኛ ገጭቶ እግሯን ሰብሯል። ጣቢያ አድሮ በዋስ ወጥቷል። የምትታከምበትንም ከፍሏል። አሁን ተራው የሽማግሌዎቹ ነው። ኦሮሞው ጃርሱማ ይለዋል።

ቡና ተፈላ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ በመጨረሻም ስለ ሰይጣን። ድራፍቱን ግን ማንም አላነሳውም። እኔ አውቃለሁ። ማታ ልጁ ራሱ ነግሮኛል፤ «ጋሼ፣ ሦስት ብቻ ነው» ብሎ።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። እዚያ አንድ ጓደኛዬ ከሠርግ ሲመለስ ተያዘ። ሰው አልገጨም፣ አጥር እንኳ አልነካም። መስመር ስቶ ነው። ፖሊሱ አወረደውና በመስመር ላይ ዘጠኝ እርምጃ ሂድ፣ ዞረህ ዘጠኝ ተመለስ፣ ከዚያ በአንድ እግርህ ቁም አለው። «እኔ ሳልጠጣም በአንድ እግሬ መቆም አልችል» ይላል እስከ ዛሬ። እዚያ በደምህ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ በቃ፣ ማንንም ባትነካ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበትም መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

ጠበቃው ጋ ላስተረጉምለት አብሬው ሄድኩ። ክፍያው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ሰውየው «ጠጥተህ ነበር?» ብሎ አልጠየቀም። ለምን አስቆመህ? መንገዱ ርጥብ ነበር? ምን ዓይነት ጫማ አድርገህ ነበር? ከተያዝክ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የነፋኸው? የትንፋሽ ማሽኑ በሕግ ቢያንስ በየ6 ወሩ መፈተሽ አለበት፣ ወረቀቱን አስወጣለሁ አለ። «አንተ ግን ለማንም እንዳትናገር፣ ዝም በል።»

እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። የሰከረ ሰው ለማስመለጥ ይሄ ሁሉ ድካም? ቆይቶ ነው የገባኝ። ጠበቃው መጠጡን ትቶ ፖሊሱን ነው የሚመረምረው። ሊያስሩኝ ከመጡ ደንቡን ጠብቀው ይምጡ ነው ነገሩ። ሌሊት ሌሊት ለሚነዳ ጥቁር ስደተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ግሪን ካርዱም አስጠነቀቀው። በፈረንጆቹ ከ2010 ወዲህ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የመባረር አደጋ ካለ መንገር ግዴታው ነው።

ለማንኛውም ማሽኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ተፈረደበት። በገደብ እንዲነዳ ሲፈቀድለት፣ መኪናው ላይ ካልነፉበት ሞተር የማያስነሳ ዕቃ ተገጠመለት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ እያዩት ይነፋል። ከፍርዱ ይልቅ መጠጥ ያስተወው ያ ነው።

አገር ቤት ሕግ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ያውም ከባድ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543፣ ጠጥቶ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ይጠብቀዋል። ግን ይሄ የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅማ ሦስት ሳምንት ስቆይ ትንፋሽ የሚለካ ትራፊክ አንድም ቀን አላየሁም።

ሽምግልናውን ደግሞ አልንቀውም። ጓደኛዬ ሰው ገጭቶ ቢሆን ጠበቃው «ይቅርታ እንዳትል፣ አጠገባቸው እንዳትደርስ» ይለው ነበር። የአክስቴ ልጅ የልጅቷ እናት እግር ላይ ወደቀ። አለቀሰ፣ አለቀሱ። ጥፋቱን አምኖ የተጎዳውን ለካሰ ሰው ቅጣት እንዲቀልለት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ራሱ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሽማግሌ እዚህ ግማሽ ጠበቃ ነው። ሙሉውን ጠበቃ ግን ልጁ አስቦትም አያውቅ። አቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 20። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሄደህ ጠየቅህ ወይ ብለው፣ «ሽማግሌ እያለ ጋሼ?» አለኝ።

ካሳው ተቆረጠ። ሊመርቁ ሲነሱ የልጅቷ እናት ቀና አሉ።

«ጠጥቶ ነበር ወይ?»

«እሱን ይተዉት አዴ፣ አንዴ ታርቀናል» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። እናትየው ዓይናቸውን ከሱ አንስተው እኔ ላይ አሳረፉ። ከውጭ የመጣ ሰው አይዋሽም ብለው ይሆናል።

«አላውቅም» አልኳቸው። የቨርጂኒያው ጠበቃ እንኳ ዝም በል ነው ያለው እንጂ ዋሽ አላለም።