ባለድርሻ አካላት ሆይ፣ እግዜር ይስጥልን

ሰው ምስጋና ሲነፍግ አልወድም። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር በተደረደሩት ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ፣ ለድሃ ተማሪ ሲሉ ቀኑን ሙሉ በኤሲ ሲንዘፈዘፉ ለሚውሉ ወገኖቻችን ዛሬ አድናቆቴን ልግለጽ።

ርዕሱ መቼም ሆድ ያባባል። «ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ተማሪዎች የሚደረገውን ድጋፍ ለማጠናከር የተዘጋጀ የምክክር መድረክ»። ባነሩ በግራም በቀኝም ሎጎ አለው። አዳራሹ ውስጥ የሌለው ተማሪ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ታስቦበት ነው፤ ተማሪ እያለ ስለ ተማሪ በነጻነት ማውራት ይከብዳል።

«ግቢ ውስጥ አዳራሽ ሞልቶ የለም እንዴ?» የሚል ምቀኛ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ግቢ ውስጥ ከተሰበሰቡ አበሉ በምን ይታሰባል? ከሻይ እረፍት በፊት ችግሩ «ሰፊ ነው» ይባላል። ከሻይ በኋላ «ዘርፈ ብዙ ነው» ይባላል። ምሳ ላይ የጣና አሳ ተጠብሶ ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ችግሩ ራሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ማታ ፌስቡክ ላይ «አቅጣጫ ተቀመጠ» የሚል ዜና ከነፎቶው ይወጣል። የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ስጦታውንም አልረሳሁም። አንዲት ልጅ ሳሙናና ሞዴስ ስትቀበል ከኋላዋ አሥር ሰው ተሰልፎ ፈገግ ይላል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ትድፋ። ፎቶ ካልተነሱበትማ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የተባለው ልጅ የት ነው? ከደራ ወይ ከአቸፈር የመጣ አንድ ልጅ አስቡ። አባቱ ወይፈን ሸጧል፣ እናቱ በሶ ቋጥራለታለች፣ የሰፈሩ ሽማግሌ መርቆ ሸኝቶታል። የሁሉም ምክር ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ የሚል ነው። ሬጅስትራር ምን እንደሆነ ሊነግረው የሚችል ሰው ከአካባቢው አልነበረም። ግቢ ሲደርስ የኮስት ሼሪንግ ውል ይሰጡታል። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፤ የምግብና የመኝታህን፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ ይላል። አባቱ ደግሞ «መንግሥት በነጻ ነው የሚያስተምርህ» ብሎታል። ታዲያ ልጁ ጨዋ አይደል፣ ፈርም ሲሉት ይፈርማል።

መረጃማ አልተጓደለበትም። የምዝገባ ቀን ሲቀየር ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ እሱ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ መሆኑ የግሉ ጉዳይ ነው። ቀኑ አልፎት መስኮቱ ጋ ሲቆም «ለቀነዋል እኮ!» ይሉታል፣ ቀና ብለው ሳያዩት። እንዴት ያለ ፈጣን አገልግሎት ነው!

ክፍል ውስጥም ቢሆን ድጋፍ አለ። መምህሩ «ያልገባው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለትን ተምሮ ያደገ ነውና ዝም ይላል። ገብቷቸዋል ይባልና ይቀጠላል። ቢሮው በር ላይ የማማከሪያ ሰዓት ተለጥፏል፤ ልጁም አይቶታል፤ ግን መምህር ቢሮ የሚጠራው ያጠፋ ተማሪ ይመስለዋል። ባጠፋም ይሻለው ነበር፣ ቢያንስ ይጠሩት ነበር።

ከሁሉም የማደንቀው ግን የዊዝድሮውን፣ ማለትም ፎርም ሞልቶ ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጡን ነገር ነው። ሴሚስተሩ መሀል ላይ ከቤት ተደወለለት እንበል፤ አባትህ ታሟል፣ አጫጅ የለም፣ ቶሎ ድረስ። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መናኸሪያ ይሄዳል። ወር ቆይቶ ሲመለስ ውጤቱ ኤፍ በኤፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ቀጥሎ ስንብት። ዊዝድሮ ሞልቶ ቢሄድ ኖሮ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ካቆመበት መቀጠል ይችል ነበር። አንድ ፎርም፣ ጥቂት ፊርማ፣ በቃ። ማን ነገረው? ማንም። «ሴኔት ሌጅስሌሽኑ (የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ላይ ተጽፏል» ነው መልሱ። ትክክል! ያ ወፍራም የእንግሊዝኛ ሰነድ እያለ እናቱ በሶውን ከመቋጠሯ በፊት ቁጭ ብላ ልታነብለት ይገባ ነበር።

እኔን የሚያስቀኝ፣ እዚህ ከተማ ይሄ አዲስ ነገር መሆኑ ነው። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒክ በ1955፣ ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ በ1965 ዓ.ም ተከፍተው፣ በ1992 ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እስኪሆኑና ከዚያም ወዲህ ስንቱ የገበሬ ልጅ ነው ከቤቱ ቀድሞ የገባው። መድረክ ላይ ሱፍ ለብሰው «ክፍተቱን እንሙላ» ከሚሉት መሀል ራሳቸው በሶ ይዘው የመጡ ሞልተዋል። የዚያን ጊዜ አንድ የአገራቸው ልጅ የሆነ ሲኒየር እጃቸውን ይዞ ካፌውን አሳያቸው፣ ላይብረሪውን አሳያቸው፣ ይሄን ኮርስ ተጠንቀቅ፣ እንዲህ ካጋጠመህ እዚህ ቢሮ ግባ አላቸው። ባነር አልነበረውም። ዛሬ ያ ሲኒየር ልርዳ ብሎ ቢመጣ ሲቪና የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ፣ መጀመሪያ የአሠልጣኞች ሥልጠና ውሰድ ይባላል፤ ሥልጠናው ደግሞ በጀት እየተጠበቀለት ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ድጋፉ ይቀጥል ነው። የአፈጻጸም ግምገማው ግን ባሕር ዳር ላይ ባይሆን ጥሩ ነው፤ እዚህ አበሉ ያንሳል፣ ሐይቁንም ከዚህ በኩል አይተን ጠግበናል። ጎርጎራ ይሁን፣ ሁለት ሌሊት ታድሮ። ልጆቹን እንዳትጠሯቸው ብቻ። የፈተና ፕሮግራሙ ተቀይሯል፤ ቴሌግራም ላይ ተለቋል።